ዜሮ የሰጠሁት ቤት

በሕይወቴ ዜሮ የሰጠሁት ለአንድ ቤት ብቻ ነው፤ እሱም ካየኋቸው ቤቶች ሁሉ አብልጬ የወደድኩት ነበር። ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ከትንሿ መኪናችን የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ፤ ጭኔ ላይ የብርቱካን ልጣጭ ተቆልሏል። «ዜሮ!» አልኩ ጮክ ብዬ። ከፊት የተቀመጡት አያቶቼ ሁለቱም ባንድ ጊዜ ወደ እኔ ዞሩ። መኪናዋን የምትነዳው እማማ ስለነበረች፣ እሷ እንኳ መዞር አልነበረባትም።

አባባ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የትምህርት ቤቶች ተቆጣጣሪ ነበር። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት እየዞረ፣ ጥቁር ሰሌዳ በጣቱ እየዳሰሰ፣ የተሰበረ የመስኮት መስታወት እየቆጠረ፣ ርዕሳነ መምህራንን ላብ በላብ ሲያደርግ ኖሯል። ጡረታ ከወጣም በኋላ ሰው ሁሉ «ኢንስፔክተር» ነበር የሚለው፤ እማማ እንኳ ሳትቀር። እማማ ደግሞ የቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ ነበረች፤ እሷን ሁሉም «ሲስተር» ይላታል፤ አባባ እንኳ ሳይቀር። ያሳደጉኝ እነሱ ናቸው። እናትና አባቴ ሁለት ዓመት ሳይሞላኝ በመኪና አደጋ አብረው ስለሞቱ የማውቃቸው ከሳሎኑ ፎቶግራፍ ነው። የጎደለኝ ነገር እንዳለ አላውቅም ነበር። አባባና እማማ ነበሩኝ፤ በቃ።

የዚያን ዓመት ትምህርት ቤት በተዘጋ በሳምንቱ፣ ሁለቱ እኔን ለጎረቤት ትተው ቀኑን ሙሉ ሆስፒታል ዋሉ።

«አባባ መነጽር ሊቀይር ነው» ብላኝ ነበር እማማ።

ሲመለሱ አባባ ያንኑ አሮጌ መነጽሩን እንዳደረገ ነው። ዶክተሩ ሰነፍ መሆን አለበት ብዬ ደመደምኩ።

በማግስቱ ጠዋት አባባን ግቢ ውስጥ እጅጌውን ሰብስቦ መኪና ሲያጥብ አገኘሁት። እማማ ከቤት ሮጣ ወጥታ ባልዲውን ቀማችው።

«ተቀመጥ አልኩህ እኮ!»

«ባልዲ ማንሳት ነው የተከለከልኩት። ጨርቅ መያዝ ማን ከለከለኝ?»

እኔን አዩኝ። ከዚያ አባባ ጨርቁን ጨምቆ፣ ትምህርት ቤት ሲገባ በሚያወጣው ድምፁ፣ «ስሚ» አለኝ። «ከነገ ጀምሮ ጉብኝት ነው። ዘመድ አለ፣ ወዳጅ አለ፣ ስንት ዘመን "እንመጣለን፣ እንመጣለን" እያልን የሸነገልነው ሰው አለ። ጡረታ የወጣነው ግድግዳ ለማየት አይደለም።»

«እኔስ?»

«አንቺ ከሌለሽማ ማን ይሄዳል?»

ያን ቀን መሬት የረገጥኩ አይመስለኝም። እስከዚያ ድረስ ጉዞ ማለት ለእኔ ከቤት እስከ ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት እስከ ገበያ ነበር። አሁን ግን ቴርሞስ ተገዛ፤ እንቁላል ተቀቀለ፤ ጨው በወረቀት ተጠቀለለ፤ ለእኔ የፀሐይ ባርኔጣ ከቁም ሳጥን ወጣ። ባርኔጣው የእናቴ እንደነበረ ያኔ ማንም አልነገረኝም።

መኪናዋን የምትነዳው እማማ እንደሆነች ስሰማ ደስታዬ እጥፍ ሆነ። እማማ መንዳት የተማረችው በሃምሳ ዓመቷ ነው፤ ያስተማራትም የሆስፒታሉ የአምቡላንስ ሹፌር ነበር። ስለዚህ የምታውቀው አነዳድ አንድ ብቻ ነው። አባባ ከጎኗ ሆኖ የበሩን እጀታ ጨምድዶ ይይዛል። እኔ ከኋላ በየመታጠፊያው ከአንዱ በር ወደ ሌላው በር እየተንሸራተትኩ እስቃለሁ።

«ሲስተር፣ በሽተኛ አልጫንንም እኮ!» ይላል።

«ጭነናል» አለችው አንድ ጊዜ፣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል።

እኔ በሳቅ ፈረስኩ። እሱ ሲያሾፍ እሷ ደግሞ የመለሰችለት መስሎኝ ነበር።

የመጀመሪያው ቤት የእማማ ወንድም ልጅ ቤት ነበር፤ ፋርማሲስት ነው። አባባ በሥራው እንደለመደው ሳያሳውቅ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ በሩን አንኳኳ።

«እንዴ! ኢንስፔክተር! ሲስተር! ምነው፣ ስልክ እንኳ ሳትደውሉ?»

«ደውዬ ብመጣማ ምን አያለሁ?» አለ አባባ፤ ከዚያ ሰላምታው ሳያልቅ «ሽንት ቤቱ በየት በኩል ነው?» ብሎ ጠየቀ። ሽንት ቤት ማየት የሥራው መጀመሪያ ነበር። አስተማሪ ለእንግዳ ሊያስመስል ይችላል፤ ሽንት ቤት ግን ማስመሰል አያውቅም ይል ነበር። እማማ ደግሞ በበኩሏ የመድኃኒት ቁም ሳጥኑን ከፍታ ጠርሙሶቹን እያነሳች የማለቂያ ቀናቸውን ታነባለች። የፋርማሲስቱ ሚስት ፊቷ ቀላ፤ ግን ምን ትበል፣ የባሏ አክስት ናት።

ቤቱ እንደ መስታወት ያበራል። ሶፋው ላይ ያለው ላስቲክ ስቀመጥ ይንጫጫል። ኩሽናው ውስጥ ስኳሩም፣ ጨውም፣ ሩዙም ስሙና የተገዛበት ቀን ተጽፎበት ተደርድሯል። ሦስት ወንዶች ልጆች በቁመታቸው ልክ ተሰልፈው ጨበጡኝ። አባባ ክፍል ውስጥ ሲገባ እጁን ያወጣውን ተማሪ ሳይሆን ዝም ያለውን መጠየቅ ይወድ ነበርና፣ መሃለኛውን ልጅ ጠጋ ብሎ በለሆሳስ ጠየቀው።

«እዚህ ቤት ዕቃ ሲሰበር ምን ይሆናል?»

ልጁ መጀመሪያ እናቱን አየ። «እዚህ ቤት ዕቃ አይሰበርም» አለ።

ምንኛ ጎበዝ ቤት ነው አልኩ በልቤ። አባባ ግን ደብተሩ ላይ አንድ ነገር ጫረ።

ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ የፋርማሲስቱ ሚስት ለእማማ የምትለውን ሰማሁ። «ሦስት አሉን፤ አንድ ቢጨመር እምቢ አንልም፤ ሥጋችን ናት። ብቻ ከአሁኑ ሥርዓት መልመድ ይኖርባታል።» እኔ ይህን ስሰማ ልቤ ዘለለ። ዓመት ሙሉ ድመት ካልገዛችሁልኝ እያልኩ ሳለቅስ ነበራ!

መኪና ውስጥ ስንገባ «ጥቁር ብትሆን ደስ ይለኛል» አልኩ።

«ማን?» አለ አባባ።

«ድመቷ ናታ!»

እማማ መኪናዋን የእግረኛ መንገድ ላይ ልታወጣት ምንም አልቀራት።

አባባ የቁጥጥር ቅጽ ከኪሱ አወጣ። ጡረታ ሲወጣ አንድ ጥቅል ይዞ ወጥቶ ነበር። ዓምዶቹ ያው የትምህርት ቤት ናቸው፤ ንጽህና፣ ብርሃን፣ ሥርዓት፣ የኃላፊው ጠባይ። መጨረሻ ላይ «ልዩ አስተያየት» የሚል ሰፊ ዓምድ አለ።

«ይሄኛው ያንቺ ነው» አለኝ። «ከአስር ስጪ። አትዋሺ፤ አታድዪ። ተቆጣጣሪ ዘመድ የለውም።»

ዘጠኝ ዓመት ሆኖኝ ሥራ ተሰጠኝ! ወንበሩ ላይ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ። ለፋርማሲስቱ ቤት ስምንት ሰጠሁ፤ ሁለቱን የቀነስኩት ላስቲኩ ጭኔን ስላጣበቀው ነው፣ ስምንቱ ግን ያበሉን ኬክ ነው።

ቅጾቹ ዛሬ እኔ ዘንድ ናቸው፤ ካርቶን ውስጥ። የጠባይ ዓምዱ ላይ አባባ አራት ሰጥቶ ከጎኑ «ልጁ እናቱን አየ» ብሎ ጽፏል።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ሳምንታት በልጅነቴ ካለፉት ሁሉ የደመቁ ነበሩ። ከቤት ወደ ቤት ስንሄድ መንገድ ላይ ያለውን ነገር አንዘልም። የአውሮፕላን ማረፊያውን አጥር ተደግፈን ሆዳቸው የሚያበራ አውሮፕላኖች በራሳችን ላይ አልፈው ሲያርፉ አየን፤ እማማ ጆሮዋን ይዛ እንደ ልጅ ጮኸች። ግድቡ ላይ ቆመን ውሃው ሲወረወር ፊታችን በጠል ራሰ። ረጅሙን የባቡር ድልድይ አይተን እንቁላላችንን ሥሩ ቁጭ ብለን በላን፤ ባቡሩ ሲያልፍ ጨዋችን ከወረቀቱ ላይ እየዘለለ ፈሰሰ። አባባ ዳገት ሲሆን «እናንተ ሂዱ፤ እኔ መኪና እጠብቃለሁ» ይላል። መኪናችንን ማንም ሊሰርቃት እንደማይፈልግ ለእኔ እንኳ ግልጽ ነበር።

ሁለተኛው ትልቅ ጉብኝት ሐይቅ ዳር ነው። እማማ በሥራ ላይ ሳለች አብራት የነበረች አዋላጅ፣ ጡረታ ወጥታ ብቻዋን እዚያ ትኖራለች። ውሾች፣ ዝይዎች፣ አንዲት አረንጓዴ ጀልባ፣ በሩ የማይዘጋ ቤት። ሳቋ ከመኪናው መንገድ ይሰማል።

«ሁለት ሺህ ሕፃን በእነዚህ እጆች ተቀብያለሁ» አለችኝ መዳፏን ዘርግታ። «አንዱ እንኳ "አመሰግናለሁ" ብሎኝ አያውቅም። ሁሉም ሲያየኝ ነው የሚጮኸው!»

ጀልባ አስቀዘፈችኝ። መቅዘፊያው ከእኔ ይረዝማል፤ ክብ ስንዞር ዋልን። ዝይዎቹ እየተከተሉ ይሰድቡናል፤ እሷም መልሳ ትሰድባቸዋለች። ሆዴ እስኪታመም ሳቅሁ። ከሰዓት በኋላ እሷና እማማ የጀልባው ማቆሚያ እንጨት ላይ እግራቸውን አንጠልጥለው ተቀመጡ፤ እኔ ከኋላቸው ሆኜ ለዝይዎቹ ዳቦ እቆርሳለሁ።

«እብድ ነሽ እንዴ አንቺ ሴትዮ?» ትላለች አዋላጇ። «እኔ ከአንቺ በአራት ዓመት ነው የማንሰው። ዛሬ አንቺ፣ ነገ እኔ። ልጅቷ ስንት ጊዜ ትልቀስ?»

«አንቺ ዘንድ ትስቃለች።»

«ሳቅ መች ልጅ ያሳድጋል።»

አዋላጅ ስለሆነች ስለ ልጅ ማውራቷ አልደነቀኝም። ሰው ስለ ሥራው ያወራል።

ስንመለስ አባባ ቅጹን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ። ንጽህና ሦስት፤ ብርሃን አስር። እኔ «አስር» ልል አፌን ከፍቻለሁ። ያን ጊዜ እማማ ለአባባ ዝቅ ባለ ድምፅ፦

«አስር የሚሰጠው ቤት ከተገኘ እኮ በቃ። ጉዞው ያበቃል፤ አንተም ታርፋለህ።»

አፌን ዘጋሁ። ጉዞው ያበቃል! አውሮፕላኑ፣ እንቁላሉ፣ ከበር በር መንሸራተቱ፣ እማማ ስትጮኽ መስማቱ፤ ሁሉም የሚያበቃው በእኔ አፍ ነው!

«እሺ፣ ልዩ አስተያየት?» አለ አባባ።

«አራት።»

«አራት? ቀኑን ሙሉ ጥርስሽን ሳትከድኚ ውለሽ?»

«ጀልባዋ ትወዛወዛለች።»

«እና ጀልባ ሌላ ምን ሥራ አላት?»

«አራት ብያለሁ» አልኩ፤ እጄን አጣምሬ። «ተቆጣጣሪ ዘመድ የለውም።»

ሁለቱ ተያዩ።

ከዚያ በኋላ ከእኔ የከፋ ተቆጣጣሪ አልነበረም። በቀቀን ያለበት የአባባ የሥራ ባልደረባ ቤት ሦስት አገኘ፤ በቀቀኑ ባለጌ ነው። የአባባ የአጎት ልጅ ቤት፣ ጣሪያው ላይ ወጥተን ርግብ ያበረርንበት፣ ሁለት አገኘ፤ ርግቦቹ ተመልሰው መጡ። ማታ አልጋዬ ውስጥ ሆኜ በራሴ ተንኮል እየተደሰትኩ የሚቀጥለውን ቤት አስብ ነበር።

በእነዚያ ቅጾች ላይ፣ ከእኔ ነጥብ ጎን፣ የእማማ ቀጭን እጅ ጽሑፍ አለ። «እምቢ አለች።» ሌላኛው ላይም «እምቢ አለች።» ለእነሱ አራቱም ሦስቱም የአንዲት ልጅ እምቢታ ነበር፤ የሚስማማት ቤት አጥታ የምታለቅስበት መንገድ። የአባባ ልብ ደክሞ ነበር። ዶክተሩ ሆስፒታል በዋሉበት ቀን ስድስት ወር ሰጥቶታል፤ ደረጃም፣ ባልዲም፣ ረጅም መንገድም ከልክሎታል። እማማ ሰባ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ ስኳር ነበረባት፤ እኔ ቪታሚን ነው ብዬ የማምነውን መርፌ በየጠዋቱ ትወጋ ነበር። ከእነሱ በኋላ የምኖርበትን ቤት እየፈለጉ ነበር፤ የሚያውቁትም የመፈለጊያ መንገድ ያ ቅጽ ብቻ ነበር። እኔ በሰጠሁት በእያንዳንዱ ዝቅተኛ ነጥብ አንድ የተከለከለ ጉዞ ጨመርኩበት። ይህን ያወቅሁት አድጌ ነው። በዚህ ላይ ብዙ አልናገርም።

የመጨረሻው ቤት የአታሚው ነበር።

አታሚው ልጅ ሳለ፣ ገጠር ውስጥ፣ ከክፍሉ መጨረሻ ተቀምጦ የማይናገር ተማሪ ነበር። አባባ አንድ ቀን ለቁጥጥር ገብቶ እጃቸውን ያወጡትን ሁሉ ትቶ እሱን ጠየቀው። ምን እንደጠየቀው ሁለቱም ረስተውታል፤ አታሚው ግን መጠየቁን አልረሳም። አሁን ከታች ማተሚያ ቤት፣ ከላይ መኖሪያ አለው። ዛሬም አይናገርም፤ ሚስቱ የሁለት ሰው ታወራለች። ሁለት ትልልቅ ሴቶች ልጆች አሏቸው።

በሩ ሲከፈት የቀለምና የወረቀት ሽታ ፊቴ ላይ መጣ። ማሽኑ እንደ ትልቅ እንስሳ ይተነፍሳል፤ በተነፈሰ ቁጥር አንድ ወረቀት ይወልዳል። ግድግዳው ሙሉ ጠፍጣፋ መሳቢያ ነው፤ በየመሳቢያው ውስጥ ትንንሽ ጉድጓዶች፣ በየጉድጓዱ ውስጥ ከእርሳስ ብረት የተሠሩ የማተሚያ ፊደላት። ታላቅየዋ ልጅ ስሜን ለቅማ፣ ከኋላ ወደ ፊት ደርድራ፣ ቀለም ቀብታ አተመችልኝ። ስሜ! ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ እንደ ጋዜጣ! ጣቴን አስነክቼ አበላሸሁት፤ ደግማ አተመችልኝ።

«እኔ ልሞክር?» አልኩ፤ «እሺ» ሳትለኝ መሳቢያውን ሳብኩ። ከበደኝ። ወጣ። ወደቀ።

የዚያን ድምፅ ዛሬም እሰማዋለሁ። በሺህ የሚቆጠር ፊደል ሲሚንቶው ላይ ተበተነ፤ ከማሽኑ ሥር ገባ፤ ከበሩ ወጣ። አባባ አታሚውን አየው። እማማ አታሚውን አየችው። እኔ ማንንም አላየሁም፤ ጫማዬን ነው ያየሁት።

አታሚው ማሽኑን አጠፋ። መጥቶ ከጎኔ ተንበረከከ።

«ይሄ መሳቢያ ከተጠረገ ስድስት ዓመቱ ነው» አለ። ያን ቀን የተናገረው ረጅሙ ንግግር ይሄ ነበር። «ጥሩ። አቧራው ይውጣ።»

«አቧራው ይውጣ ይላል!» አለች ሚስቱ ከደረጃው ላይ እየወረደች። «ሐሙስ የሚደርስ የሠርግ ጥሪ አለብህ እኮ! አንቺ፣ ነይ፣ ዓይንሽ ደህና ነው፤ ከማሽኑ ሥር ያንቺ ነው። ልጆች፣ በር በር! ኢንስፔክተር፣ እርስዎ ወንበር ላይ...»

«ወንበር ምን ያደርግልኛል?» አለ አባባ፤ እሱም ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ስንለቅም ዋልን። ሁላችንም፤ እማማ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ አድርጋ፣ የቀዶ ሕክምና መቆንጠጫ የያዘች ይመስል ፊደሎቹን በሁለት ጣቷ እያነሳች። ታናሿ ልጅ አንዱን ፊደል ከሌላው የማይለይ ተቆጣጣሪ አይቼ አላውቅም ብላ አባባን ተረበችው። አባባ ሳቀ፤ ፊደሎቹ የተገለበጡ ናቸው፣ እኔ ምን ላድርግ እያለ። ፊቱ ላይ የቀለም ሰረዝ ነበር። ከሆስፒታል ከመጣ ወዲህ እንዲያ ደስ ብሎት አላየሁትም።

እጄን ለመታጠብ ስወጣ የአታሚው ሚስትና እማማ ኩሽና ውስጥ ነበሩ።

«ሲስተር፣ አልጋው ተነጥፏል። ዛሬም ቢሆን፣ ከአስር ዓመት በኋላም ቢሆን። እኛ አንቸኩልም፤ እርስዎም አይቸኩሉ።»

ልናድር ነው! ብዬ ጮቤ ረገጥኩ። አላደርንም፤ ተከፋሁ። ያ አልጋ ግን በእርግጥ ተነጥፎ ነበር።

እንግዲህ መኪና ውስጥ ገባን፤ ብርቱካን ተላጠ፤ ቅጹ ተዘረጋ። ንጽህና ሰባት። ብርሃን ስምንት። ሥርዓት፣ አባባ ትንሽ አሰበና፣ ዘጠኝ። የኃላፊው ጠባይ አስር። በሠላሳ አራት ዓመት ለጠባይ አስር ሰጥቶ አያውቅም። አሁን የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። አራት አይበቃም፤ ሁለት አይበቃም፤ ይሄ ቤት አደገኛ ነው።

«ዜሮ!»

እማማ ዞረች፤ መኪናዋም ዞረች፤ ከዚያ ከመንገዱ ዳር አቧራ አስነስተን ቆምን።

«ፊደል የደፋሽው አንቺ፣ ዜሮ የሚያገኙት እነሱ?» አለ አባባ።

የብርቱካን ልጣጩን በጣቴ ቆራረጥኩ።

«እኔ ዜሮ ሰጥቼ አላውቅም። የመጨረሻው መጥፎ ትምህርት ቤት እንኳ ጣሪያ አለው፤ ለጣሪያው አንድ ይሰጠዋል። እነዚህ ሰዎች ጣሪያ የላቸውም?»

«አላቸው።»

«ምን በደሉሽ ታዲያ?»

«ምንም!» አልኩ፤ ከዚያ ሁሉም ነገር ከአፌ ፈሰሰ። «አስር ከሰጠሁ ጉዞው ያበቃላ! እማማ ብላለች! እኔ እንዲያበቃ አልፈልግም!»

መኪኖች በአጠገባችን እየነፈሱ አለፉ። እማማ በሩን ከፍታ ወጣች፤ ጀርባዋን ሰጥታን ሜዳውን ታይ ጀመር። ጥንቸል ያየች መስሎኝ እኔም አንገቴን አስግጌ ፈለግሁ። አባባ ቅጹ ላይ አጎንብሶ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ሳቅ መሰለኝ። ሳቅም ነበረበት።

«የጀልባዋ አራት?» አለ በመጨረሻ።

«ውሸት ነው። አስር ነበር።»

«በቀቀኑስ?»

«አስር። ስድቡ ደስ ይል ነበር።»

«የፋርማሲስቱ ስምንት?»

«እሱ እውነት ነው። የኬኩ ነው።»

አባባ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፤ አደረገ፤ እንደገና አወለቀ። «ሲስተር!» ብሎ በመስኮቱ ጠራት። «እምቢ አላለችም። ሰምተሻል? እምቢ ያለችው ሌላ ነገር ነው።»

በማግስቱ ከቁርስ በኋላ ባዶ ቅጽ ሰጠኝ።

«አንድ ያላየነው ቤት ቀርቷል» አለ። «ዛሬ ብቻሽን ነሽ። አምስቱንም ዓምድ።»

ወጥቼ በሩን ዘጋሁ፤ ከዚያ የራሴን ቤት አንኳኳሁ። ሁለቱ በሩ ላይ ጎን ለጎን ቆመው እንደ ርዕሰ መምህር ተቀበሉኝ።

«እንኳን ደህና መጡ!» አለች እማማ። «ምነው ሳያሳውቁ?»

«ሽንት ቤቱ በየት በኩል ነው?» አልኩ።

ቧንቧው ያንጠባጥባል። ከአባባ አልጋ ሥር የዓመት ጋዜጣ ተከምሯል። ኮመዲኖው ላይ የመድኃኒት ጠርሙስ ከፋርማሲስቱ ቤት ይበልጣል፤ ተጽፎ የተለጠፈበት ነገርም የለም። ብርሃኑ ግን ጥሩ ነው፤ በተለይ ሳሎኑ። ዝም ያለውን መጠየቅ እንዳለብኝ አስታወስኩ። ቤቱን ስዞር ዝም ያለችው እማማ ነበረች።

«እዚህ ቤት ዕቃ ሲሰበር ምን ይሆናል?»

«ይጠገናል» አለች።

«የማይጠገን ከሆነስ?»

አባባን አየችው። «እስከቻልን እንይዘዋለን።»

ቁጭ ብዬ፣ ምላሴን አውጥቼ ደመርኩ፣ አካፈልኩ። «ስድስት።»

«ስድስት!» አለ አባባ፤ ከልቡ ተቀይሞ። «በዚህ ሁሉ ልፋት?»

«ቧንቧው ያንጠባጥባል። ጋዜጣ አለ። አንተ ደግሞ ደረጃ ላይ ቆም ቆም ስለምትል ሰው ታዘገያለህ።»

እማማ አፏን በእጇ ያዘች።

«ስድስት ያገኘ ትምህርት ቤት ምን ይደረጋል?» አልኩት፤ ደንቡን አላውቅም ነበርና።

አባባ ቀጥ ብሎ ቆመ። «ከአምስት በታች ያገኘ ይዘጋል፤ ተማሪዎቹ ወደ ሌላ ይዛወራሉ» አለ። «ከአምስት በላይ ያገኘ...» እማማን አያት። «ከአምስት በላይ ያገኘ አይዘጋም። አንድ ዓመት ይሰጠዋል፤ ጉድለቱን ያርማል፤ በዓመቱ እንደገና ይታያል።»

«እሺ፣ አንድ ዓመት ሰጥቻችኋለሁ» አልኩ፤ ቅጹ ላይም ጻፍኩት።

«ሲስተር፣ ሰማሽ? አንድ ዓመት!»

«ማን ሆና ነው የምትሰጠን?»

«ተቆጣጣሪዋ ናታ!»

ስድስት ወር የተባለውን ሰው ከዚያ በኋላ ሦስት ጊዜ ተቆጣጠርኩት፤ ሰባት፣ ሰባት፣ ስምንት። ዶክተሩ መንገድ ይገድለዋል ብሎ ነበር፤ እማማ ግን ያቆየው መንገዱ ነው ትል ነበር። ነርስ ስለነበረች እሷን ማመን መርጫለሁ። እሷ ስታልፍ ዐሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። የአታሚው ቤት አልጋ እንደተነጠፈ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲ እስክገባ ተኛሁበት። የመጀመሪያ ሌሊት ታላቅየዋ ልጅ ምንም ሳትል መብራቱን አላጠፋችብኝም።

ዘንድሮ፣ ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ፣ ልጆቼ ተራ በተራ ይመጣሉ። ደረጃውን ያዩታል፤ የመታጠቢያ ቤቱን ወለል በእግራቸው ይሞክሩታል። «እንዲያው ልንጠይቅሽ ነው» ይላሉ። ምን እንደሚያዩ አውቃለሁ። ሻይ አቀርብላቸዋለሁ።

ቤታችንን የተቆጣጠርኩበት ዕለት ግን ቅጹ ላይ ቀለሙ ሳይደርቅ አባባ ኮቱን አነሳ። እማማ ቴርሞሱን ሞላች። እኔ ቀድሜያቸው ኋላ ወንበር ላይ ገብቼ መስኮቱን እስከ ታች አወረድኩ። አባባ ደብተር አልያዘም፤ እርሳስም ኪሱ ውስጥ አልነበረም።

«ማን ቤት ነው የምንሄደው?» አልኩ።

«ማንም ቤት።»

«እና የት?»

አባባ በሕይወቱ አንድ ቀን ሳያቅድ ከቤት ያልወጣ፣ ለጥያቄ ሁሉ መልስ የነበረው ሰው፣ ወደ እኔ ዞረ። ፊቱ እንደ ልጅ ፊት በርቷል።

«እንጃ» አለ። «መንገዱ ሲያልቅ እናያለን።»